«እስኪመጣ ጠበቅኩ» በእንግሊዝኛ፦ ዋናው ግስ ያለፈ ሲሆን ጥገኛውስ?

የማታ ተማሪ
ሰላም ለዚህ ቤት። ለአይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የጽሑፍ ክፍል እየተለማመድኩ ነው። የጻፍኩት ሲታረም ቀይ የሚሰመርበት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከ«ዌን»፣ ከ«አንቲል»፣ ከ«ቢፎር» እና ከ«ዛት» ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ላይ። እነዚህን ተመልከቱልኝ፦

1. እስኪመጣ ጠበቅኩ — «አይ ዌይትድ አንቲል ሂ ካምስ»
2. ሳይመጣ ሄድኩ — «አይ ሌፍት ቢፎር ሂ ዲድንት ካም»
3. እንደሚመጣ ነገረኝ — «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዊል ካም»
4. ከመጣ በኋላ እሄዳለሁ — «አፍተር ሂ ኬም አይ ዊል ጎ»
5. ትናንት እዚያ ሄጄ ነበር — «አይ ሃድ ጎን ዜር የስተርደይ»

አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ጥገኛው ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሂድ ተባልኩ፣ ሁለተኛው ላይ «ዲድንት» ይውጣ፣ አራተኛው ላይ ደግሞ ከኃላፊ ጊዜ ይውጣ። አምስተኛው ለምን እንደተሰረዘ ጭራሽ አልገባኝም። ይኼ አንድ ደንብ ነው ወይስ አምስት? እህታችሁን አስረዱኝ።

አራሚ
ምክንያቱ አንድ ነው፤ እሱም ያለው እንግሊዝኛው ውስጥ ሳይሆን አማርኛው ውስጥ ነው።

«ሲመጣ አየሁት» እና «ሲመጣ አየዋለሁ» የሚሉትን አስተያዪ። አንዱ ያለፈ፣ ሌላው ገና የሚሆን ነው፤ «ሲመጣ» ግን አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። «እስኪመጣ ጠበቅኩ»፣ «እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ቢባልም ያው ነው። አማርኛ ጊዜውን መጨረሻ ላይ ባለው ማሰሪያ አንቀጽ ያስርና ከፊት የተሰለፉትን ጥገኛ ግሶች ከጊዜ ነጻ ያወጣቸዋል። እነሱ የሚነግሩን ማሰሪያው ላይ ስንደርስ ድርጊቱ አልቋል ወይስ አላለቀም የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሲ»፣ «እስኪ» እና «ሳይ» ያላለቀውን መልክ ይይዛሉ። «ከ … በኋላ» ደግሞ ያለቀውን መልክ ይይዛል፤ ነገሩ ለነገ የተቀጠረ ቢሆንም እንኳ «ከመጣ በኋላ» እንጂ ሌላ አንልም።

እንግሊዝኛ ይህ የለውም። «አንቲል»፣ «ዌን» እና «አፍተር» ካሉት ቀጥሎ ባለቤት ይዞ የመጣ ግስ የራሱን ጊዜ ራሱ ይሸከማል፤ ማሰሪያው ይሸከምልኛል ብሎ አይተኛም። የአማርኛውን መልክ ስትገለብጪ ያላለቀው «ካምስ» ሆኖ፣ ያለቀው «ኬም» ሆኖ ይወጣል። አንደኛውና አራተኛው ስህተትሽ ተቃራኒ ቢመስሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሰሪያ አንቀጹን ፈልጊ። «ጠበቅኩ» ነው፤ ያለፈ። ቀጥሎ ጥገኛውን ድርጊት ለብቻው አውጥተሽ «ይኼስ ሆነ ወይስ ገና ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሰውየው መጥቷል። እንግዲያው «አይ ዌይትድ አንቲል ሂ ኬም»። ማሰሪያው «እሄዳለሁ» ከሆነ ግን ሁለቱም ገና ናቸው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ የራሱ ጠባይ አለው፤ ከ«ዌን»፣ «አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «አንቲል» እና «አዝ ሱን አዝ» ቀጥሎ ስለ ወደፊት ሲወራ «ዊል» አይገባም፣ የአሁን ጊዜ ይበቃዋል። «አፍተር ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ጎ»። «ከመጣ እነግረዋለሁ» የሚለውም በዚሁ ይሄዳል፤ «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም»። «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ከመጣ» ውስጥ ያለውን «መጣ» አይቶ ነው።

«ሲ» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛው አንድ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ የሚከፍለውም የግሱ ባሕርይ ነው። «ስደርስ» ቅጽበት ናት፤ «ዌን አይ አራይቭድ»። «ስበላ» ግን የሚረዝም ነገር ነው፤ «ስበላ መጣ» ካልሽ «ሂ ኬም ዋይል አይ ዋዝ ኢቲንግ» ይሆናል። «ዌን አይ ኤት፣ ሂ ኬም» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢው መብላትሽ ቀድሞ መምጣቱ ተከተለ ብሎ ይረዳዋል። በ«እየ» ልትተኪው የምትችዪው «ሲ» ሁሉ («እየበላሁ ሳለ») «ዋዝ» እና «ኢንግ» ይፈልጋል።

ሁለት ልሳን
ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ለብቻው ይታይ። «ሳይመጣ» ውስጥ አፍራሽ አለ፤ አማርኛ «ከመምጣቱ በፊት» ለማለት «በዚያ ሰዓት አልመጣም ነበር» የሚለውን መንገድ ይመርጣል። «ቢፎር» ግን አፍራሹን በሆዱ ይዞታል፣ ሁለተኛ አያስፈልገውም። «አይ ሌፍት ቢፎር ሂ ኬም»።

ደግሞ «ሳይ» ሁሉ «ቢፎር» አይደለም። «ሳይመሽ ደረስን» የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ «ቢፎር»። «ሳይነግረኝ ሄደ» ስንል ግን ከሄደ በኋላ ነገረኝ ማለታችን አይደለም፣ ጭራሽ አልነገረኝም ነው። ይህኛው «ሂ ሌፍት ዊዝአውት ቴሊንግ ሚ» ይባላል። የሁለቱ ግሶች ባለቤት አንድ ሰው ከሆነና ድርጊቱ ጨርሶ ካልተፈጸመ «ዊዝአውት» ውሰጂ፤ ጊዜ መምረጥም ይቀርልሻል፣ ምክንያቱም «ኢንግ» ያለው ግስ ጊዜ አይሸከምም።

በዚያው ጎረቤት «እስካል» አለ። «እስካልከፈለ ድረስ አይገባም» የሚለውን «አንቲል ሂ ዳዝንት ፔይ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ትክክሉ «አንለስ ሂ ፔይስ» ነው። «እስኪ» ሲሆን «አንቲል»፣ «እስካል» ሲሆን «አንለስ»። በጥቂት ፊደል ነው የሚለዩት።

ሦስተኛው ላይ አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ ማስቀመጥ ይወዳል። «ዳዊት ነገ እመጣለሁ አለኝ» ሲባል መጪው ዳዊት መሆኑን የሚጠራጠር የለም። «ዴቪድ ሴድ ሚ ዛት አይ ዊል ካም ቱሞሮው» ብለሽ ስትጽፊ ግን መጪዋ አንቺ ሆነሽ አረፍሽው። ይህ ዐረፍተ ነገር አራት ቦታ ይጠገናል። ሰውየው ከ«አይ» ወደ «ሂ» ይሄዳል። «ዊል» ወደ «ውድ»። «ቱሞሮው»፣ ነገሩ ካለፈ፣ ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ»። አራተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ «አለኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» «ሴድ ሚ» ታስብላለች፣ «ሴድ» ግን ሰውን በቀጥታ አይቀበልም፣ «ቶልድ» ነው የሚቀበለው። «ዴቪድ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ውድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ»።

በተመሳሳይ መንገድ «ኢዝ» ወደ «ዋዝ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሜይ» ወደ «ማይት»፣ «ሃዝ ጎን» ወደ «ሃድ ጎን»፣ የግዴታው «ማስት» ወደ «ሃድ ቱ» ይወርዳሉ። «ኩድ»፣ «ውድ»፣ «ማይት» እና «ሹድ» ከዚያ በታች መውረጃ የላቸውም፣ ባሉበት ይቆያሉ። ዋናው ግስ ያለፈ ከሆነ ጥገኛውን ሁልጊዜ አንድ ደረጃ አውርጂው።

የኔታ ዘሰዋስው
«ሁልጊዜ» የምትለዋ ቃል ትነሣ። ከላይ የተጻፈው ደግ ነው፣ ነገር ግን ሦስት ቦታ ላይ ማውረድ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የተነገረው ነገር ዛሬም እውነት ከሆነ እንዳለ መተው ይቻላል። «ሺ ሴድ ሺ ሊቭስ ኢን ሐዋሳ» ስንል ዛሬም እዚያው ትኖራለች ማለታችን ነው፤ «ሊቭድ» ብንልም አልተሳሳትንም፣ ነገር ግን አሁንም እዚያ መሆኗን አናረጋግጥም። ሁለተኛ፣ የተፈጥሮ ሕግ አይወርድም ቢባል ይሻላል። «ዘ ቲቸር ሴድ ዛት ዋተር ቦይልስ አት 100 ዲግሪስ» ትክክል ነው፤ ውኃ ትናንት ብቻ አይደለም የሚፈላው። (አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል ከፍታዋ የተነሣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት መፍላቱ የሌላ ትምህርት ጉዳይ ነው።) ሦስተኛ፣ ዋናው ግስ «ሂ ሴይስ» ከሆነ የሚያወርድ ነገር የለም።

የተነገረው ነገር ሐሰት ከነበረ ወይም ዕቅዱ ከተለወጠ ግን ማውረድ ግዴታ ነው። «ሂ ሴድ ሂ ዋዝ ኤ ዶክተር» የሚለው ለጥርጣሬ በር ይከፍታል፤ «ሂ ሴድ ሂ ኢዝ ኤ ዶክተር» ካልሽ ተናጋሪዋ አንቺም አምነሽ ተቀብለሻል። ፈተና ላይ ጥርጥር ሲገባሽ አውርጂ፤ ማውረድ ከላይ ካልኩት ከተፈጥሮ ሕጉ በቀር እምብዛም አያስነቅፍም።

የማታ ተማሪ
የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስተኛው ቀረኝ። «ነበር» ባየሁ ቁጥር «ሃድ» እጽፋለሁ፣ ሁሌም ይሰረዝብኛል። «ሄጄ ነበር» ማለት «ሃድ ጎን» አይደለም እንዴ?

የኔታ ዘሰዋስው
አንዳንዴ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። «ትናንት እዚያ ሄጄ ነበር» ስትዪ «ነበር» የሚሠራው ሥራ ሄዳ ተመለሰች፣ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ከሌላ ካለፈ ድርጊት የቀደመ ነው አላልሽም። እንግሊዝኛ ይህን በተራ ኃላፊ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ «አይ ዌንት ዜር የስተርደይ»።

«ሃድ» ብቻውን አይቆምም፤ እንደ ሐረግ ነው፣ የሚደገፍበት ሌላ ያለፈ ድርጊት ይፈልጋል። መደገፊያው በዚያው ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፣ በቀደመውም ሊሆን ይችላል፤ የትም ከሌለ «ሃድ»ን አንሺው። መደገፊያው ሲኖርም ግዴታ የሚሆነው ቅደም ተከተሉን የሚነግር ሌላ ቃል በማይኖርበት ጊዜ ነው። «አፍተር» እና «ቢፎር» ራሳቸው ማን እንደቀደመ ስለሚናገሩ «አፍተር ሂ ኤት፣ ሂ ሌፍት» ያለ «ሃድ» ሙሉ ነው። «ዌን» ግን ዝም ስለሚል ሸክሙ «ሃድ» ላይ ይወድቃል፦

«ስደርስ አውቶቡሱ ሄደ» — «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሌፍት»። ጀርባውን አይተሽዋል።
«ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» — «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት»። አቧራውም የለም።

ሁለተኛው ላይ «ነበር» እና «ሃድ» በእውነት ተገናኝተዋል። የአንቺን «ሄጄ ነበር» አሳሳች የሚያደርገው ይኸው አልፎ አልፎ መገጣጠማቸው ነው።

ቀለም ቀንድ
«ኢፍ» ሳይነሣ መቅረት የለበትም፤ እዚያ ኃላፊ ጊዜው ያለፈ ነገር አይናገርምና።

«ቢነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር» የሚለውን በቃል ከተረጎምሽው «ኢፍ ሂ ቶልድ ሚ፣ አይ ዋዝ ካሚንግ» ይወጣል፤ «እመጣ ነበር»ን ለብቻው ካየነው «ዋዝ ካሚንግ» ይመስላላ። ትክክሉ «ኢፍ ሂ ሃድ ቶልድ ሚ፣ አይ ውድ ሃቭ ካም» ነው። «ኖሮ» ካየሽ ነገሩ አልሆነም፣ ጊዜውም አልፏል፤ ጥገኛው «ሃድ»፣ ዋናው «ውድ ሃቭ» ይወስዳል። «ውድ»ን ወደ «ኢፍ» ጎን አታሻግሪ፤ «ኢፍ ሂ ውድ ሃቭ ቶልድ ሚ» በጽሑፍ ይቆረጥበታል።

«ኖሮ» የሌለበት «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» ደግሞ ስለ ዛሬ ነው። «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ባይ ኢት»። እዚህ «ሃድ» ኃላፊ ጊዜ ለብሷል እንጂ ትናንትን አያወራም፤ የሌለ ነገር መሆኑን ነው የሚናገረው። «አይ ዊሽ» ላይም ልክ እንዲሁ ነው፤ «ምነው አሁን እዚህ በሆነ» ስንል «አይ ዊሽ ሂ ወር ሂር»፣ «ምነው ትናንት በመጣ ኖሮ» ስንል «አይ ዊሽ ሂ ሃድ ካም የስተርደይ»።

አራሚ
ጥያቄው ውስጥ ባይኖሩም አብረው የሚሰመርባቸውን ጥቂት ልጨምር።

«ዲድ» ከገባ ኃላፊ ጊዜውን እሱ ወስዶታል፣ ግሱ ወደ ሥሩ ይመለሳል። «ቢኮዝ ሂ ዲድንት ኬም» ሁለት ጊዜ ያለፈ ነው፤ «ቢኮዝ ሂ ዲድንት ካም»። የተገላቢጦሹም አለ፤ ጥያቄ ወደ ጥገኛነት ሲወርድ «ዲድ» ይወጣል፣ ኃላፊ ጊዜው ወደ ግሱ ይመለሳል። «ወዴት እንደሄደ ጠየቅኩት» ማለት «አይ አስክት ሂም ዌር ሂ ዌንት» ነው፣ «ዌር ዲድ ሂ ጎ» አይደለም። ይህኛው ስህተት ከአማርኛ እንኳ አይመጣም፤ የጥያቄ ቅርጽ ብቻውን ሲሸመደድ የሚያስቀረው ነው።

«የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ «ት» መጽሐፉን ትጠቁማለች፤ ስለዚህ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ተብሎ በስህተት ይጻፋል። «ዊች» ራሱ መጽሐፉ ነው፣ «ኢት» ይውጣ። «ስልኩ የጠፋበት ልጅ» ደግሞ «ዘ ቦይ ሁ ሂዝ ፎን ሎስት» አይባልም፤ ባለቤቱን ቀይሪው፣ «ዘ ቦይ ሁ ሎስት ሂዝ ፎን»።

«ስለታመምኩ ነው» በአማርኛ ሙሉ ነው፤ «ነው» አስሮታል። «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ብለሽ ነጥብ ካደረግሽ ግን ማሰሪያ የሌለው ቁራጭ ነው፣ ከዋናው ጋር አያይዢው። ሥርዓተ ነጥቡም ቀላል ነው፤ ጥገኛው ከቀደመ ኮማ፣ ዋናው ከቀደመ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኮማ።

ለፈተናው፦ የሁለተኛው ድርሰት በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ ሰዋስውም ከአራቱ የማረሚያ መስፈርቶች አንዱ ነው። ጥገኛ ሐረግ ፈርቶ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል፤ የዐረፍተ ነገር ዓይነት መብዛቱም ይቆጠራልና። የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃ ለግስ ብቻ አስቀሪ። «ዌን»፣ «አንቲል»፣ «አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «ዛት» እና «ኢፍ» ላይ ብቻ ዓይንሽን እያሳረፍሽ ከቀጥሎ ያለውን ግስ ተመልከቺ፤ ሌላውን አታንብቢ።

ለልምምድ አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ወስደሽ ማሰሪያውን ብቻ ለውጪ፤ «እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ እጠብቃለሁ»፣ «ከበላ በኋላ ተኛ፣ ይተኛል»። በቀን አሥር ጥንድ ጻፊ። አማርኛው ጥገኛ ሳይለወጥ እንግሊዝኛው ሲለወጥ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

የማታ ተማሪ
ሞከርኩ፤ እባካችሁ እረሙኝ።

ሳይመሽ ደረስን — «ዊ አራይቭድ ቢፎር ኢት ጎት ዳርክ»
ዝናቡ እስኪያባራ ሱቅ ውስጥ ቆየን — «ዊ ስቴይድ ኢን ኤ ሾፕ አንቲል ዘ ሬይን ስቶፕት»
ምሳ በልቶ ሄደ — «ኢቲንግ ላንች፣ ሂ ሌፍት»
ቢደክማትም ሥራዋን ጨረሰች — «ኦልዞው ሺ ዋዝ ታየርድ፣ ባት ሺ ፊኒሽት ኸር ወርክ»
ብታጠኚ ኖሮ ታልፊ ነበር — «ኢፍ ዩ ሃድ ስታዲድ፣ ዩ ውድ ሃቭ ፓስት»
መምጣቱን አላወቅኩም ነበር — «አይ ሃድንት ኖውን ዛት ሂ ኬም»

ሁለት ልሳን
አንደኛ፣ ሁለተኛ እና አምስተኛ ንጹሕ ናቸው።

ሦስተኛው ላይ «በልቶ» ቦዝ አንቀጽ (ብቻውን ዐረፍተ ነገር የማያስር ግስ) ነው፤ መዝገበ ቃላት «ኢቲንግ» ቢልሽም አትመኚው። «ኢቲንግ ላንች፣ ሂ ሌፍት» ካልሽ እየበላ ወጣ ይመስላል። ቦዝ ሲደረደር («ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ሄደ») እንግሊዝኛው ሁሉንም በተራ ኃላፊ ጊዜ ደርድሮ በ«ኤንድ» ይዘጋል፦ «ሂ ኤት ላንች ኤንድ ሌፍት»። ከበድ ያለ ጽሑፍ ከሆነ «ሃቪንግ ኢትን ላንች፣ ሂ ሌፍት»።

አራተኛው ላይ «ባት» ይውጣ። አማርኛ «ምንም እንኳ … ቢሆንም … ግን» እያለ ሦስት ቦታ ቢያስር አይከፋበትም፤ እንግሊዝኛ ለሁለት ሐረግ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል።

የኔታ ዘሰዋስው
ስድስተኛውን እኔ ልውሰደው፤ ጥሩ ስህተት ነው። «ነበር» ከማሰሪያው ከ«አላወቅኩም» ጎን ስለተቀመጠ «ሃድ»ን እዚያው አስቀመጥሽው። የቀደመው ግን የቱ ነው? መምጣቱ። ሰውየው መጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው አለማወቅሽ። ስለዚህ «ሃድ» ቦታ ይለውጣል፤ ከዋናው ተነሥቶ ወደ ጥገኛው ይገባል፦ «አይ ዲድንት ኖው ዛት ሂ ሃድ ካም»። አሁን ደግሞ «መታመሟን አልሰማሁም ነበር» የሚለውን ሞክሪ።